ትማራለች ወይስ ይማራሉ

መስከረም 18

ለምወድህ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ወገብህ እንዴት ነው? ዓይንህስ አሁንም ያለ መነጽር ክር ያስገባል? እትዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የጎደለብኝ ያንተ የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ነው። እሱ ሲንኳኳ እየተኛሁ ስላደግኩ እዚህ ዝምታው ነው የሚቀሰቅሰኝ።

ትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው። የኮሪደሩ ወለል ከመወልወሉ ብዛት ፊትህን ያሳይሃል። ለጊዜው የምንሠራው በሰው አፍ ሳይሆን በአሻንጉሊት አፍ ነው። ከአንገት በላይ ብቻ ያለው የፕላስቲክ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል። ስንጨርስ መምህሩ «ዝጉለት» ይሉናል፤ ካልዘጋንለት እንደከፈተ ይቀራል። አንዳንዴ ሳየው ሊናገር የነበረ ነገር የጠፋበት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይዤው የመጣሁት ገንዘብ ከመጀመሪያው መንፈቅ አያልፍም። የተማሪዎች እርዳታ ቢሮ የሚባል አለ፤ ግማሹን በስጦታ፣ ግማሹን በብድር እየሰጠ የሚያስተምር። ለዚህ ግን ቤተሰብ የጻፈው ማስረጃ ይፈልጋል፦ ማን አሳደገኝ፣ ምን እየተማርኩ ነው፣ ረዳት አለኝ ወይስ የለኝም። አንተ በአማርኛ ጻፈውና ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ዘንድ ወስደህ ማኅተም አስመታበት። እናቴ ስትሞት እጄን ይዘህ የወሰድከኝ አንተ ነህ። የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት ብለህ እንዳታርቀኝ፤ ለእነሱ ሩቅ ዘመድ አይገባቸውም። እርዳታውን ካላገኘሁ በሚቀጥለው መንፈቅ ተመልሼ የቁልፍ ቀዳዳ ስቀድልህ ታየኛለህ።

አንድ ነጭ ጋውንም ብትሰፋልኝ። እዚህ የሚሸጠው ዋጋው አይቀመስም። ስልክ ብደውልልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አንተ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» ስትል ካርዱ አልቆ ያርፈዋል።

የምትናፍቅህ ድንቢጥ

---

ጥቅምት 11

ለድንቢጥ፣ ለወደፊቷ ዶክተር፣

ጤና ይስጥሽ፤ እጅሽን ይባርከው፤ አፉን የከፈተልሽ ሁሉ ደስ ብሎት ይዝጋው። እኛ ደህና ነን። ወገቤ ያው ነው፣ ተለማምደናል። ክሩን ግን አሁን የምታስገባልኝ እትዬሽ ናት። ይህን ለሰው እንዳትነግሪ፣ ገበያ ይዘጋብኛል።

ማስረጃውን ጽፌያለሁ። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ «እኛ ቤት ያደጉት የጥርስ ሐኪም ለመሆን ይማራሉ። እናት አባት የላቸውም። ከእኛ በቀር ረዳት የላቸውም፤ የእኛም አቅም የሚታወቅ ነው።» እትዬሽ አንብባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ማንን ነው እንዲህ አንቱ የምትለው፣ አፍንጫዋን ስጠርግላት ያደገችውን ልጅ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ልጄን በትልቅ ቢሮ ፊት «ትማራለች» ብዬ፣ ክብሪት ልትገዛ እንደተላከች ልጅ አላቀርባትም አልኳት። ነገ ሐኪም ነሽ። አንቱታውን ከአሁኑ ይልመዱት ብዬ ነው።

ተርጓሚው ሱሪውን እኔ ዘንድ የሚያሳጥረው ሰውዬ ነው። ዋጋ አልተከራከረኝም። ከአጠገቡ ተቀምጬ ላስጨርሰው ነበር፤ ለሠርግ ሙሉ ልብስ የሚለካ ደንበኛ መጣ ተብዬ ተጠራሁና ትቼለት ሄድኩ። ማምሻውን ማኅተሙን አስመትቶ ሱቅ ድረስ አመጣልኝ። አንቺ የላክሽውን የቢሮውን ፎርምም እሱው ሞልቶታል። ጋውኑን አብሬ ልኬልሻለሁ። ልክሽን አልጠየቅኩሽም፤ በእጄ ያደገ ትከሻ ነው።

አጎትሽ

---

ኅዳር 27

ለምወድህ ጋሼ፣ ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? ይህን የምጽፈው በሁለት ትራስ ተደግፌ ነው። ለምን ሁለት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እርዳታው ተፈቀደ። ከጠየቅኩት በላይ ነው የተፈቀደው። የትምህርቱ ክፍያ፣ ማደሪያው፣ መጽሐፉ ሁሉ ተሸፍኗል። ብድሩ ትንሽ ነው፤ የሚበዛው ስጦታ ነው። ወረቀቱን ሳነብ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሰው የሞተብኝ መስሏት መወልወያዋን ትታ አጠገቤ ቆመች።

ከዚያ አዲሱን ክፍሌን ለማየት ሄድኩ። ሁለት አልጋ አለው፣ ሁለቱም ተነጥፈዋል። በሩ ላይ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዱ ከሌላው በታች። ቁልፍ የሚያድለው ሰውዬ ሁለት ቁልፍ አስፈረመኝና አንዱን ለእህትሽ ስጫት አለኝ።

ሳቄ መጣ። ቢሮ ሄጄ መነጽራሟን ሴትዮ ስጠይቃት ፋይሉን ገልጣ ትርጉሙን አሳየችኝ። ጋሼ፣ አንተ በአክብሮት ያልከው ሁሉ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ሆኗል። ሰዎቹ ይማራሉ፤ ሰዎቹ እናት አባት የላቸውም። በዚህ አገር ቋንቋ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ካልክ ብዙ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ሲማር ደግሞ ስጦታው ይጨምራል፣ ብድሩ ይቀንሳል፤ ደንባቸው ነው።

አልነገርኳትም። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደ ፕላስቲኩ ሰውዬ ከፍቼ ቀረሁ። ብነግራት ማመልከቻው እንደገና ይታያል፣ እስኪታይ ድረስ ክፍያው ይቆማል፣ እኔም እወጣለሁ። ይህን መንፈቅ ልለፍና አስተካክለዋለሁ ብያለሁ። ለማንም አትንገሩ። የማትኖር ሴት ማንን ትጎዳለች?

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የላቦራቶሪው ኃላፊ በየሎከሩ፣ በየልብስ ሳጥናችን፣ ጋውን መኖሩን እየዞረ ያያል። የእሷ ሎከር ባዶ ሆኖ እንዳይጠይቁኝ ሌላ ጋውን ስፋልኝ፣ በእኔው ልክ።

ድንቢጥ

---

ጥር 4

ለልጄ ለድንቢጥ፣

ጤናሽን ያብዛው። ደብዳቤሽ ሲደርሰን መጀመሪያ ሳቅን፣ ቀጥሎ እትዬሽ ደብዳቤውን አጥፋ ከፍራሹ ሥር ደበቀችው። ሰው ጎረቤቱን አሞኘሁ ብሎ ይስቃል እንጂ መንግሥት የሚያህል ቢሮ አሞኘሁ ብሎ አይስቅም።

ተርጓሚው ዘንድ ሄድኩ። አገር ያወቀ ተከራካሪ ነው።

«ይማራሉ ብለሃል ወይስ አላልክም?» አለኝ።

«ብያለሁ።»

«ይማራሉ ከአንድ በላይ ነው።»

«አንቱታ ነው እንጂ።»

«ለማን? ለሃያ ምናምን ዓመት ልጅ?»

ፎርሙን እንዴት እንደሞላው ጠየቅኩት። ፎርሙ ላይ የሚማሩት በስም ይዘርዘሩ የሚል ቦታ ነበር አለኝ። በመጀመሪያው መስመር ያንቺን ስም ጻፈ። ሁለተኛውን ስም አያውቀው፣ እኔ ደግሞ ልኬት ላይ ነኝ፣ ባዶ ከሚተወው «ከላይ እንደተጠቀሰው» ብሎ ሞላው። እንግዲህ እህትሽ ስሟም እንዳንቺው ነው ማለት ነው። አንዲት ሴት ወለድን፤ ምጥም የለ፣ ክርስትናም የለ፣ ወጪም የለ ብዬ እትዬሽን ላስቃት ሞከርኩ። አልሳቀችም። ቶሎ አስተካክሉት ነው የምትለው።

ጋውኑን ልኬያለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ። ፊተኛውን በቆረጥኩበት በዚያው የወረቀት ልክ ነው የቆረጥኩት። ሰፍቼ ስጨርስ ከወረቀቱ ጋር አጋጥሜ ሳየው እጅጌው ረዘመ። ፈታሁት፣ ለካሁት፣ ቆረጥኩት። አሁንም ረዘመ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ግን እጄ አንድን ልብስ ሁለት ጊዜ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም።

አጎትሽ

---

የካቲት 20

ለምወድህ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እትዬ ደህና ናት? ስለቆየሁ ይቅር በሉኝ። ደብዳቤ ጀምሬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውና ስመለስ ያቆምኩበትን አላገኘውም፤ ወይም ካቆምኩበት አልፎ አገኘዋለሁ። ይህን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳልነሳ ነው የምጨርሰው።

እዚህ የአፍ ልክ መውሰድ እየተማርን ነው። አንተም ልክ ትወስዳለህ፣ እኔም ልክ እወስዳለሁ፣ ሙያችን ተገናኘ ብዬ ልጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነበር። ተማሪው ሁለት ሁለት እየሆነ አንዱ የሌላውን አፍ ይለካል፤ ልኩ ላይ ጀሶ ይፈስና ሲደርቅ ጥርሱ እንዳለ ይወጣል። የክፍላችን ቁጥር ጎደሎ ስለሆነ ጥንድ የሌለኝ እኔ ነበርኩ። ባለፈው መምህሩ ዝርዝሩን አዩና «አንቺ ከእህትሽ ጋር» ብለውኝ አለፉ። ምን ልበል? ለብቻዬ ተቀምጬ የራሴን አፍ ራሴ ለካሁ።

በማግስቱ መደርደሪያው ላይ ሁለት የጀሶ ጥርስ ተቀምጧል። አንዱ የእኔ ነው። ሱቅህ ውስጥ የካፖርት ቁልፍ ነክሼ የሸረፍኩት የፊት ጥርሴ አለበት። ሁለተኛውም የእኔ አፍ ነው፣ ጠመም ያለችዋ ጥርሴ ሳትቀር አለች። ሸራፋው ግን የለም። ሙሉ ነው። ያ አፍ ቁልፍ ነክሶ አያውቅም።

ሰው ሠርቶብኝ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ከዚያ ውጤት ተለጠፈ። ስሜ ሁለት ጊዜ አለ፤ የታችኛዋ ከክፍሉ አንደኛ ናት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መጽሐፉን በጊዜው ስለመለስሽ አመሰግናለሁ ትለኛለች፤ እኔ መጽሐፍ አልተዋስኩም። ያ እጅጌው የረዘመው ጋውን ሎከር ውስጥ ተሰቅሎ ነው የምተወው። ትናንት ሳየው ክርኑ ላይ ተጨማዷል።

የእሷን ድርሻ ሳልነካ አስቀምጬ ለመመለስ አስቤ ነበር። ባንክ ሄጄ ስጠይቅ ወጪ ሆኗል። የተገዛው የጥርስ መሣሪያ ነው፣ ጥሩ ጥሩ መሣሪያ። በሌላኛው አልጋ በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ ተሰድሮ አገኘሁት። ጋሼ፣ ብር ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ግን ከዚያ ገንዘብ መብላት አስጠላኝ። ለወር ቀለብ የሚሆነኝን ትንሽ ላክልኝ። ለመናገር ያልደፈርኩት ስለምፈራ ነው፤ ብናገር ትምህርቴ ይቀራል፣ ዝም ብል ደግሞ ምን እንደሚቀርልኝ አላውቅም።

ድንቢጥ

---

ግንቦት 6

ለልጄ ለድንቢጥ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብሩን የላክሁት ደብዳቤሽ በደረሰን ሳምንት ነው። ደረሰኝ አላልሽም። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ለሁለቱም መልስ የለም። እትዬሽ በር በተንኳኳ ቁጥር ፖስተኛ ነው እያለች ትነሳለች፤ ደንበኞቼ ሁሉ እንደ ንጉሥ አቀባበል እየተደረገላቸው ነው።

የዛሬ ሳምንት ስልክ ተደወለ። ያነሳችው እትዬሽ ናት። ድምፁ ያንቺው ነው አለችኝ። «እንደምን ዋሉ? እርስዎም ባለቤትዎም ደህና ነዎት?» አልሽ አሉ። እትዬሽ ምነው ዛሬ ጨዋ ሆንሽ ብላ ቀለደችብሽ። ያንቺ ሳቅ ቶሎ እንደሚመጣ ታውቃለች፣ ጠበቀች፣ አልመጣም። ብሩ ደረሰሽ ወይ ስትልሽ አያስፈልገኝም፣ እንዳትቸገሩ አልሽ። ቀጥለሽ የማስረጃው ማደሻ ጊዜ መድረሱን አስታወስሻትና፣ አጎቴ ባለፈው እንደጻፉት አድርገው ይጻፉት ብለሽ ዘጋሽ።

እትዬሽ ከዚያ በኋላ ወጥ ሳታማስል ቆማ ቀረች። ቆይታ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ «የማላውቃት ልጅ በልጄ ድምፅ አናገረችኝ።» እኔ ተቆጣኋት። ሴት ልጅ ትልቅ ትምህርት ቤት ገብታ ጨዋነት ብትማር ምን ነውር አለው አልኳት። የተቆጣኋት ግን እኔም ስለፈራሁ ነው። ድንቢጥ፣ እንደ ድሮሽ ሰድበሽኝም ቢሆን ጻፊልኝ።

አጎትሽ

---

ግንቦት 29

ጋሼ፣

የደወልኩት እኔ አይደለሁም። ብሩ አልደረሰኝም፤ በስሜ መጥቶ፣ በስሜ ተፈርሞ ተወስዷል። ደብዳቤዎችህም እንደዚያው። ይህኛውን ያገኘሁት ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆሜ ስለጠበቅኩት ነው።

ሰላምታ ስላላስቀደምኩ ይቅር በለኝ። ቶሎ ልጻፍልህ። የማደሪያው በር አንዳንድ ቀን በእኔ የመግቢያ ካርድ አይከፈትም። ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ መምህሩ እኔን አልፈው ከኋላዬ ያያሉ፣ «እሺ ቀጥይ» ይላሉ፤ ከኋላዬ ሰው ሲመልስ እሰማለሁ፣ መልሱም ትክክል ነው። ስዞር ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። ከኋላዬ ባለው ወንበር ላይ የምትቀመጠዋን ፊት ለፊት አይቻት አላውቅም። አልጋዋ ግን ጠዋት ጠዋት ሙቅ ነው።

ስለዚህ ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ከአንቱታው ጀምሬ። ከትምህርቱ ብባረርም ልባረር ብዬ ነው የሄድኩት። መነጽራሟ ሴትዮ አልተቆጣችም፣ አልተገረመችምም። አንድ ብቻ ከሆናችሁ አንዳችሁ ትሰረዛለች፣ የቀረችው በአንድ ሰው ልክ እርዳታ እያገኘች ትጨርሳለች፣ ያለፈውም በብድር ይታሰባል አለችኝ። ታየኛለሽ አይደል፣ ያለሁት እኔ ነኝ አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችውና «ይህን ቤተሰብ ነው የሚመሰክረው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር ማስረጃው ይታደሳል። ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንድ ናት ብለህ ጻፍ። «ትማራለች» በል። «የላትም» በል። ክብሩን ተወው፣ ክብሪት እንደተላከች ልጅ አድርገህ ጻፈኝ። አንቺ በለኝ። ብድሩን እየሠራሁ እከፍላለሁ፤ እኔ ካለሁ ነው እሱም።

ድንቢጥህ

---

ሰኔ 19

ለልጄ፣

አይዞሽ። ጻፍኩት። እትዬሽ ከራሴ በላይ ቆማ እያንዳንዱን ፊደል ጠብቃለች። «እኛ ቤት ያደገችው ልጃችን አንዲት ብቻ ናት። የጥርስ ሐኪም ለመሆን ትማራለች። እናት አባት የላትም። ረዳት የላትም።» «ትማራለች» ስል ልጄን ልብስ ያስወለቅኳት ያህል ነው የተሰማኝ። ግን ጻፍኩት።

በዚህ ጊዜ ተርጓሚው ሲጨርስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። የሠርግ ልብስ ቢመጣ፣ የሹመት ልብስ ቢመጣ አልነሳም ብያለሁ። አንድ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። በመዝገባቸው ላይ ሁለቱም በአንድ ስም ከሆኑ የትኛዋ እንደሆነች በምን ይለዩአታል አለኝ። እኔም ነገሩ አልታየኝም ነበር፣ ልክ ነው። ምልክት ስጠኝ ሲለኝ አሰብኩና፣ ከልጅነቷ ጀምራ በትምህርቷ የሚደርስባት የለም፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት በልልኝ አልኩት። እሱም ይህ ጥሩ ነው፣ እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች ጎበዝ ተማሪ ይወዳሉ ብሎ አሰማምሮ ጨመረበት። ማኅተሙ ዓይኔ እያየ ተመታ።

ከዚያ ወዲህ እትዬሽም ቀለል ብሏታል፣ ወጧንም ማማሰል ጀምራለች። ውጤቱን ቶሎ ጻፊልን። ዘንድሮ ክረምቱን እዚህ ብታሳልፊ የመሳፈሪያውን እኛ እንፈልጋለን።

አጎትሽ

---

ነሐሴ 3

ለተከበሩ አጎቴ እና ለተከበሩ ባለቤትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

የላኩት ማስረጃ ደርሷል። ቢሮው ጉዳዩን ተመልክቶ ወስኗል። ከእርስዎ ቤት የምትማረው አንዲት እንደሆነችና እሷም ከክፍሏ አንደኛ እንደሆነች በቃልዎ አረጋግጠዋል። በመዝገቡ ይህን የምታሟላው አንዷ ብቻ በመሆኗ ሌላኛዋ ተሰርዛለች። ውሳኔው በቤተሰብ ምስክርነት የተሰጠ ስለሆነ አቤቱታ አያስፈልገውም ተብሏል። ስለ ቅንነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ክፍሉ አሁን ሰፋ ብሎኛል። አንደኛው አልጋ ተነስቷል፣ በሩ ላይም ስሙ አንድ ሆኗል። እጅጌው አጠር ያለውን ጋውን አሳጥቤና አስተኩሼ በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ ለእኔ አይሆነኝም። ረዘም ያለው ግን በልኬ ነው። እጅዎ ይባረክ።

ከእንግዲህ ገንዘብ ባይልኩ ደስ ይለኛል። በእርዳታውም በብድሩም በኩል የጎደለኝ የለም። «ድንቢጥ» ተብሎ የሚላክ ደብዳቤም እዚህ ተቀባይ የለውም። እባክዎን በሙሉ ስሜ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

---

ነሐሴ 24

ለድንቢጥ ካለችበት፤ ይህን ለከፈትሽውም ላንቺ፣

ሰላም ለሁለታችሁም ይሁን።

ጋውኑ ደረሰን። እትዬሽ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው ብላ መልሳ አጠፈችውና እስከ አሁን ከጭኗ ላይ አላወረደችውም። ሱቁን ሳምንት ሙሉ ዘግቼ ነበር። አንደኛ ናት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማን አንደኛ እንደሆነች ድንቢጥ በደብዳቤ ነግራኝ ነበር፣ በልጄ ልኩራ ስል ረሳሁት። ይህን ሳስብ እጄን መቀስ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ።

የከፈትሽው ልጅ፣ ላንቺ ክፉ ቃል የለኝም። ሰላምታሽ ያማረ ነው፣ ጽሕፈትሽም ከእሷ ይሻላል። ሳላውቅ የጠራሁሽ እኔ ስለሆንኩ መጥተሻል ብዬ አልቆጣሽም። እሷ ግን እኔን አንተ ነው የምትለኝ። ስትናደድ «አንተ ሽማግሌ» ትለኛለች፣ ስትናፍቅም እንደዚያው። በሕይወቷ አንድም ቀን አክብራኝ አታውቅም፣ እኔም ያሳደግኳት እንዳታከብረኝ አድርጌ ነው። ስለዚህ የጻፍሽልኝ ሁሉ እውነት ቢሆንም ልጄ አይደለሽም። የት እንዳለች ካወቅሽ ንገሪኝ። በቅርብ ካለች ደግሞ ይህን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት።

ድንቢጥ፣ ቢሮው በደብዳቤ ከሠራ በደብዳቤ ያፍርሰው ብዬ ትናንት ጠዋት ከእትዬሽ ጋር ተርጓሚው ዘንድ ሄድን። ሌላ ማስረጃ ጻፍኩ። «እኛ ቤት ያደጉት ይማራሉ» አልኩ። ተርጓሚው ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼ አንቱታ ነው ወይስ ብዙ?»

«ብዙ ነው» አልኩት፤ «ሁለት ናቸው።»

እትዬሽ አጠገቤ ሆና ፈረመች። ስጦታውን ይከልክሉ፣ ብድሩንም በእኔ ስም ይጻፉት፣ ሁለቱንም ግን መዝገቡ ላይ ያስቀምጡልኝ ብለን አስተረጎምን። በሐሰት መስክራችኋል ቢሉን እንታሰራለን። አንድ ናት ብዬ ከማጣሽ ሁለት ናችሁ ብዬ ባገኝሽ ይሻለኛል። ዛሬ ፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ።

መዝገቡ ሲስተካከል፣ ክረምቱ ቢያልፍም፣ ሁለታችሁም ኑ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ወደ በረንዳ አወጣና ሁለት አልጋ እንዘረጋለን። ማንኛችሁንም ከበር አልመልስም። በሩን ስከፍት ግን እሷን ከፊት አድርጊልኝ።

አጎታችሁ